ቀማሽዎ መጥተው አንዲት ስኒ ይዋጡልን

ኅዳር 19 ቀን

ለዶኮሌ ከተማ የቡና ጥራትና አቀራረብ ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በገበያ ቀን በአደባባይ ስለተተፋ ሦስት ጉንጭ ቡና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎ ከአዲሱ የቆዳ ወንበር ጋር ተስማማልዎ? ዓይንዎስ ከማኅተም ብዛት አልደከመም? ጉሮሮዎን ግን ሳልጠይቅ አልፋለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ በጉሮሮ እምብዛም እንደማይገለገል በዓይኔ ስላየሁ፣ ያልተሠራበት ነገር ይታመማል ብዬ አልሰጋም። የቀረውን አካልዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን።

ስሜ ማቴዎስ ሌዳሞ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ከእሸት መቀበያው ሚዛን እስከ ማድረቂያው አልጋ ድረስ ሠርቼ በጡረታ የተሰናበትኩ ሰው ነኝ። ቡናን የማውቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ጥፍሬ ሥር ከገባው ነውና፣ በሙያ ቃላት ብሳሳት በትዕግሥት እንዲያርሙኝ እለምናለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የያዝኩት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያው አጥር ሥር ወይዘሮ ዳንጊሴ ዘንድ ተቀምጦ ቡና መጠጣት፣ መንገደኛውን ማየትና የሰው ነገር መስማት። ይህን ሥራዬን ጽሕፈት ቤትዎ በሦስት ጉንጭ ስላፈረሰብኝ፣ በተረፈኝ ሰፊ ጊዜ ይህን ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ። ስለ ሰፊው ጊዜም ከልብ አመሰግናለሁ።

ወይዘሮ ዳንጊሴን አያውቋት ይሆናልና ላስተዋውቅዎ። በዕድሜ እንደ ታናሽ እህቴ ስለምትሆን እኔ አንቺ እላታለሁ፤ እርስዎ ግን ወይዘሮ ቢሏት ደስ ይለኛል። ባሏ ከሞተ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአንድ ጀበና፣ በአሥራ ሁለት ዱካና በአንድ የሸራ ጥላ ራሷን ችላ ትኖራለች። ባጃጅ ነጂው፣ ጫኝና አውራጁ፣ አስተማሪው፣ ፖሊሱ፣ ሙግት ያለበትና ሙግቱን የጨረሰው ሁሉ እሷ ዘንድ ቁጭ ይል ነበር። ቅቤ ለሚፈልግ በቅቤ፣ ጨው ለሚፈልግ በጨው፣ ስኳር ለሚፈልግ ደግሞ ከአንድ የትዝብት እይታ ጋር በስኳር ትሰጣለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በገበያ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ የላካቸው ወጣት ባለሙያ ወደዚያ መጡ። ንጹሕ ነጭ ጋዋን ለብሰዋል፤ በደረታቸው ላይ ከሩቅ የሚነበብ «ቡና ቀማሽ» የሚል ባጅ አንጠልጥለዋል። ዳንጊሴ እንደ ልማዷ ከጀበናው ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ ቀመሰችና ስኒውን ሞልታ ሰጠቻቸው። እርሳቸውም ከኪሳቸው ማንኪያ አወጡ። በማንኪያ ጨልፈው ፉት ሲሉት የወጣው ድምፅ የጋሪ ፈረስ አስደነበረ። ከዚያ በአፋቸው ውስጥ አንከባለሉት፣ ወደ ሰማይ አዩ፣ ጎንበስ አሉና ይዘውት በመጡት የወረቀት ኩባያ ውስጥ ተፉት። ጻፉ። ደግመው ፉት አሉ፣ ደግመው ተፉ፣ ደግመው ጻፉ። ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሲነሡ «ግሩም ነው እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ማለታቸውን አጠገባቸው የነበርኩት እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ገበያው ግን በዚያ ሰዓት የሚሰማው በዓይኑ ነው።

«ቀማሽ» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤትዎ ምን እንደሚተረጎም አሁን አውቄአለሁ። በእኛ ዘንድ ግን ቀማሽ ማለት መጠጡ ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት ጥቂት ወስዶ የሚውጥ፣ ከዋጠም በኋላ በጤና ቆሞ የሚታይ ሰው ነው። ቀማሹ ከዋጠ ሁሉም ይጠጣል፤ ቀማሹ ከተፋ ስኒው ይደፋል፣ ያቀረበውም ሰው ይጠየቃል። አባቶቻችን በዚህ ሥርዓት ወዳጅንም ባላንጣንም በአንድ ጥላ ሥር አስተናግደዋል። እንግዲህ ደረቱ ላይ «ቀማሽ» ተብሎ ከነማኅተሙ የተጻፈበት ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ሲተፋ ያየ ሕዝብ ምን እንዲል ይጠብቁ ነበር?

ያለውን ልንገርዎ። የስፌት መኪናው ከዳንጊሴ ጥላ አምስት እርምጃ የማይርቀው ልብስ ሰፊው ላላሞ፣ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሣ «አያችሁ፣ መንግሥት ራሱ ተፋው» አለ። ጎመን የምትሸጠው ሴት ደግሞ «አንዷን እንኳ ልዋጣት አላለም፤ እኔማ ስንት ዓመት ስጠጣው» ብላ ሆዷን ያዘች። «ደግሞ ጽፎታል እኮ፤ ሊያሽግባት ነው» አለ አንድ ጫኝ። ከእኩለ ቀን በኋላ ቡናው ውስጥ አንድ ነገር ተገኘ ተባለ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከዚያው ቡና የጠጣ ሰው ሆስፒታል ገብቷል ተባለ፤ ሰውየው ማን እንደሆነ የሚያውቅ እስከ ዛሬ አላገኘሁም፣ የሚምል ግን አላጣሁም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ለቡናም ይሆናል። በማግስቱ ከአሥራ ሁለቱ ዱካዎች ዘጠኙ ባዶ ዋሉ፤ በሳምንቱ ሁሉም።

ውድ ጊዜዎን እንዳልሻማ ቅሬታዎቼን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር በጽሕፈት ቤትዎ እንደሚወደድ ሰምቻለሁና።

፩ኛ፦ ስለ ፈጣን መልስዎ። የሠፈራችን ሽማግሌዎች ነገሩን በሶንጎ፣ በሽምግልና ሸንጓችን፣ ተቀምጠው አዩት። በሶንጎ ደንብ ያልተጠየቀ ሰው አይፈረድበትም። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አቶ ባሪሶ «ሰውየው ለምን እንደተፋ እሱው ይንገረን፤ እኛ አፉ ውስጥ አልነበርንም» ብለው እኔንና ሌላ አንድ ሰው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ላኩን። ጸሐፊዎ ቅሬታ በቃል እንደማይቀርብ በታላቅ ትሕትና አስረዱን። ሄደን በጽሑፍ ይዘን ተመለስን። በዘጠነኛው ቀን መልሱ በካርቶን ተጭኖ መጣልን፤ አርባ ቅጂ መጽሐፍ። አቶ ባሪሶ ካርቶኑን በከዘራቸው ነካ ነካ አድርገው «ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ምራቅ መልስ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ልግስናዎ ሶንጎው ያመሰግናል። መሬቱ እርጥብ በሆነ ቀን መጽሐፎቹ ለመቀመጫ ተመችተውናል።

፪ኛ፦ ስለ መጽሐፉ። በከተማችን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ይህን ስል ጽሕፈት ቤትዎንም ጨምሬ ነው። ስሙ «መሠረታዊ የቡና ዕውቀት፣ ለማወቅ ለሚጓጉ የዕለት ጠጪዎች» ይላል። የዕለት ጠጪዎች መሆናችን እውነት ነው፤ መጓጓቱም በገጽ ሦስት «የቡና ተክል» ተብሎ የታተመው ፎቶግራፍ የጫት መሆኑን ካየን ወዲህ ጨምሮብናል። ጓሮው ቡና ያልሆነ ሰው በሌለበት አገር ይህን ፎቶግራፍ ማሳተም ድፍረት ይጠይቃልና ድፍረትዎን አደንቃለሁ።

ገጽ አምስት ደግሞ የቡናው ውሃ ዘጠና ስድስት ዲግሪ እንዲደርስ ያዝዛል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ዘጠና ሦስት አካባቢ ሲደርስ ፈልቶ ያበቃል፤ በጣቢያው ቴርሞሜትር ስንት ዘመን ያየሁት ነው። ከዚያ በላይ እንዲሞቅ መመሪያውን ብናነብለትም ተንኖ ይሄዳል እንጂ አይታዘዝም። ወይዘሮ ዳንጊሴ ዲግሪ አታውቅም። ቡናው በጀበናው አንገት ገንፍሎ ሲመጣ ታወርደዋለች፣ ካወረደችውም በኋላ አተላው እስኪረጋ ንጉሥ ቢመጣ አትቀዳለትም።

ክብር ለሚገባው ክብር ልስጥና፣ ገጽ ሰባት እውነት ነው። የተቆላ ቡና ጠላቱ አየር መሆኑን፣ ከተወቀጠ በኋላ ሽታው ወዲያው ማምለጥ እንደሚጀምር፣ ስለዚህም የወር ቀለብ አንድ ላይ ከመውቀጥ ይልቅ ለዕለቱ የሚሆነውን ብቻ በሰዓቱ መውቀጥ እንደሚሻል ይናገራል። ማንም ቡና ጠጪ ከመጽሐፉ ይህን አንድ ገጽ ቀድዶ ቢይዝ ይጠቀማል። ዳንጊሴ ሳታነበው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስትፈጽመው ኖራለች፤ የሙቀጫዋን ድምፅ ሰምተው «አንዴ አቁምልኝ» ብለው ከአውቶቡስ የሚወርዱ ሰዎች ነበሩ። ነበሩ ያልኩት አሁን ስለሌሉ ነው።

፫ኛ፦ ስለ ገጽ ዘጠኝ። እዚህ ላይ ቃሉን እንዳለ እገለብጣለሁ። «የታጠበ ቡና ንጹሕ ቡና ሲሆን፣ ያልታጠበ ቡና ያልጸዳ ነው» ይላል። ይህን ያነበብኩ ቀን ባለቤቴ ያቀረበችልኝ የቆጮ ቡርሳሜ ከነቅቤው ረግቶ ቀረ፤ አልበላህ አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሃያ ስድስት ዓመቴን የሰጠሁት ለዚህ ነገር ነውና አንድ ጊዜ ይስሙኝ። ታጥቧል የሚባለው ቡና በተለቀመ ዕለት ቀዩ ልጣጩ ተፈልፍሎ፣ የሚያሟልጨው ሽፋን እስኪለቅ በገንዳ ሰንብቶ፣ በውሃ ተለቅልቆ አልጋ ላይ የሚሰጣው ነው። ጣዕሙ ቀለል ይላል፣ ጥርት ይላል። ያልታጠበው ደግሞ ቀይ እሸቱ ከነልጣጩ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ሳምንታት እየተገላበጠ፣ ጀንፈል ሆኖ የሚደርቀው ነው። የልጣጩ ጣፋጭነት በደረቀበት ጊዜ ሁሉ ወደ ፍሬው ስለሚሰርግ ጣዕሙ ይከብዳል፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል። ያልታጠበ መባሉ ቆሽሿል ማለት አይደለም፤ ልብሱን ሳያወልቅ ደረቀ ማለት ነው። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ ጠጪው የወደደው ይበልጣል። እኛ ቤት የሚጠጣው አብዛኛው ያልታጠበው ነው፤ ወይዘሮ ዳንጊሴም የምታፈላው እሱኑ ነው። እናም ላላሞ የደረሰውን ቅጂ ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ ገጽ ዘጠኝን ለመንገደኛ ያነብ ጀመር። «ያልጸዳ ይላል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ የታተመ ነው» እያለ ጣቱን ፊደሉ ላይ ያሳርፋል። ስለ ትምህርቱ መስፋፋት እንኳን ደስ አለዎት።

፬ኛ፦ ስለ ገጽ አሥራ አንድ። ሶንጎው የጠየቀው መልስ እዚህ ተገኘ፤ በአንድ መስመር፣ ከግርጌ። «ባለሙያ ቀማሽ በአንድ ቀን ብዙ ስኒ ስለሚቀምስ ቡናውን አይውጥም፣ ይተፋዋል፤ መትፋቱ ቡናው መጥፎ ነው ማለት አይደለም።» በቃ። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ወጣቱ ባለሙያ በገበያው መካከል ቀና ብለው ቢናገሯት ኖሮ፣ ሰው ስቆ፣ ቀልዶ፣ «እኔም ለዚህ ሥራ ቅጠሩኝ» ብሎ ዱካው ላይ ይቀመጥ ነበር። መናገር አፍ ይጠይቃል፤ አፋቸው ደግሞ በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ ነበር። ይህን እረዳለሁ። የማይገባኝ ለሕዝብ የሚነገረውን ነገር አርባ ጊዜ አሳትሞ አንድ ጊዜ አለመናገር ነው።

፭ኛ፦ ስለ ውጤቱ ወረቀት። በዚህ ላይ ጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው፤ አልክድም። ጸሐፊዎን ለምኜ ባለሙያው የጻፉትን ወረቀት ቅጂ አገኘሁ። ከመቶ ሰማንያ ስድስት ነጥብ አምስት ይላል፤ በከተማው ከተቀመሱት ሁሉ አንደኛ። በጡረታ ዘመኔ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በትልልቅ ፊደል አስገለበጥኩት፣ በላስቲክ አስለበጥኩት፣ ሄጄ የዳንጊሴ ጥላ ምሰሶ ላይ በምስማር መታሁት። ሰው ከበበውና አነበበ። ከቁጥሩ ሥር የተጻፈው እነሆ፦ «ኮምጣጣነት፦ ከፍተኛና ደማቅ። ጣዕም፦ ሎሚ፣ ኮክ፣ የአበባ ሽታ። መጨረሻ፦ ረጅም።»

በእናንተ አገር ይህ ምስጋና እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። ጥሩ ቡና እንደ ጥሩ ፍሬ ለስለስ ያለ ኮምጣጣነት እንዳለው፣ ሎሚና ኮክም ምላስ ላይ የሚታወሱ እንጂ ማንም ጀበና ውስጥ የሚጨምራቸው እንዳልሆኑ፣ «መጨረሻ ረጅም» ማለትም ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ ቶሎ አይጠፋም ማለት እንደሆነ ተማርኩ። ምሰሶው ሥር የቆሙት ግን አልተማሩም ነበር። «ኮምጥጧል ማለት ነው፤ ይኸው ጽፈውታል» አለ ባጃጅ ነጂው። «ሎሚ ትጨምርበታለች እንዴ? እኔ እኮ ደረቴን የሚያቃጥለኝ ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አለች ጎመን ሻጯ። ላላሞ መነጽሩን ከፍ አድርጎ የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበና «መጨረሻ ረጅም ምንድን ነው? ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ተቆጥቼ መሟገት ጀመርኩ። ዳንጊሴ ከኋላዬ ቀስ ብላ «ጋሼ ማቴዎስ፣ እባክዎ ይንቀሉት፤ ያለ ወረቀት ሳለሁ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። ነቀልኩት። ምስማሩ ግን አሁንም እንደተመታ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ቁጥር የለውም፤ ሊቆጠር ስለማይችል ሳይሆን መቁጠሩ ስለሰለቸኝ ነው።

አሁን ዳንጊሴ የምታደርገው በየትኛውም የመጽሐፍዎ ገጽ የለም። ጠዋት ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ታፈላለች፤ ከዚያም ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ አላፊ አግዳሚው እያያት፣ ራሷ ትጠጣለች። አንዱን ስኒ ትውጥና ባዶውን ዘቅዝቃ ለሕዝቡ ታሳያለች። ሌላ ትቀዳለች። ባለፈው ገበያ ቀን አሥራ አንድ ስኒ ስትጠጣ አይቻለሁ። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ሲጋጭ ይሰማል። እንቅልፍ የለኝም ትላለች፣ ልቤ ይመታል ትላለች። «ተይ፣ ይህ ነገር ይጎዳሻል» ብላት «ብተወው ራሷም ፈራችው ይላሉ፤ ብታመም ደግሞ ይኸው አላልንም ይላሉ። የት ልግባ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ቡና ሳገላብጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናገር፤ ሌላውን እየወቀስኩ የራሴን ብደብቅ ነውር ነው። ቡናው በተተፋ በማግስቱና በሠልስቱ፣ «ግሩም ነው» ሲባል በጆሮዬ የሰማሁት እኔ ማቴዎስ፣ በላይኛው መንገድ ዞሬ ሄድኩ። ቡናውን ፈርቼ አይደለም፤ እዚያ ብቻዬን ቁጭ ብል ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ስመጣ የት ጠፉ አላለችኝም፤ በመዳፏ ቀምሳ ቀዳችልኝ። አፈርኩ፣ አሁንም አፍራለሁ። አውቄው የሸሸሁ እኔ ይህን ያህል ካፈርኩ፣ ሳያውቁ በሸሹት መፍረድ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ፍርዴን ሁሉ አጠራቅሜ ወደ እርስዎ ልኬዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ካሣ የለም፣ የሚታሰር ሰው የለም፣ የሚሻር ባለሙያ የለም። ወጣቱ ሥራቸውን በሚገባ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው እውነተኛ መሆኑን ወረቀታቸው መስክሯል። የተፉትን መልሶ መላስ ነውር ነው ይባላል፤ እኛም ይላሱ አላልንም። በመጪው ገበያ ቀን፣ በሦስት ሰዓት፣ ያንኑ ባጅ አንጠልጥለው ይምጡ። ማንኪያውን ኪሳቸው ውስጥ ይተዉት። ዱካው ላይ ቁጭ ይበሉ፣ ከዳንጊሴ እጅ አንዲት ስኒ ይቀበሉ፣ እንደ ሰው ይጠጧት፣ ይዋጧት። ከዚያም ቆመው የገጽ አሥራ አንድን ግርጌ በራሳቸው አፍ፣ ጮክ ብለው ይንገሩን። ይህ ሁሉ ከአንድ ሩብ ሰዓት አይበልጥም። ጊዜ ካጠራቸው እርስዎ ራስዎ ቢመጡ ደግሞ ክብሩ ይበልጥብናል፤ አቶ ባሪሶ ቦታቸውን እለቅላቸዋለሁ ብለዋል።

ባይመጡስ? ባይመጡ ምንም አናደርግም። አንዲት ሴት አሥራ አራት ዓመት ያቆመችው ስም ይወድቃል፣ እሷም ጀበናዋን ይዛ ወደ ወንድሟ ቤት ትገባለች፣ መናኸሪያው አጥር ሥር ሌላ ሰው ሌላ ነገር ይሸጣል። ጽሕፈት ቤትዎም በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ አርባ መጽሐፍ ማሠራጨቱን ይጽፋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል ነበር፤ የዳንጊሴ ግን እሷ በሕይወት ሳለች መናኸሪያው አጥር ሥር ሊቀር ነው። ይህ ነው ያስቆጣኝ፤ በጨዋ ቋንቋ ልደብቀው ሞክሬ እንዳልተሳካልኝ ይታየኛል።

ለዚህ ረጅም ደብዳቤ ረጅም ትዕግሥትዎን አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ተጨማሪ ማኅተም፣ ለእርስዎም ዕድገትና ሹመት፣ ለወጣቱ ባለሙያም ጤናማ ጉሮሮ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ እሰናበታለሁ።

የዕለት ጠጪ፣ ለማወቅም የሚጓጓ፣
ታዛዥዎ ማቴዎስ ሌዳሞ
የቀድሞ የማድረቂያ አልጋ ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለአቶ ባሪሶና ለሶንጎው ሽማግሌዎች
ለመናኸሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለልብስ ሰፊው ላላሞ (ጮክ ብሎ እንዲያነበው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል የጽሕፈት ቤትዎ መልእክተኛ በሞተር ብስክሌት ደርሶ ለወይዘሮ ዳንጊሴ የግብዣ ወረቀት ሰጣት። በከተማው አንደኛ ስለወጣች፣ በሚቀጥለው ወር በሚመረቀው አዲሱ የቅምሻ ክፍል ለስልሳ የክብር እንግዶች ቡና እንድታፈላ ይጠይቃል። እንኳን ደስ አላት፤ ማንም የማይጠጣው ቡና ለክብር እንግዳ መመረጡን ለገበያው ላስረዳ ሞክሬ ተስፋ ቆርጫለሁ። ወረቀቱን አነበብኩላት። የሰጠችኝን መልስ እንደወረደ አስተላልፋለሁ፦ «እመጣለሁ ይበሉልኝ ጋሼ። ከስልሳው የሚውጡት ስንት እንደሆኑ ብቻ አስቀድመው ይንገሩኝ። ለሚተፉት የፈላ ውሃ ይበቃቸዋል።»